ፍቅርተ ለእናቷ የነገረቻት

አንበሳሜ ገበያ ላይ ስለ ፍቅርተ ብትጠይቁ «የትኛዋ?» ይሏችኋል። «ዶክተሯ» ስትሉ «አሃ፣ የተቅማጧ!» ይሉና ይስቃሉ። አገሩ ልጁ ተምራ ስትመጣ ቢያንስ የልብ ወይም የዓይን ሐኪም ሆና ትመጣለች ብሎ ነበር የጠበቀው። እሷ ግን በየደጁ እየዞረች የታመመ ሕፃን ዓይነ ምድርና የታመመ ጥጃ ቅዘን በብልቃጥ ትለምናለች። «ለልጁም ለጥጃውም አንድ ማንኪያ ነው እንዴ የያዝሽው?» ብሎ የቀለደባትን ገበሬ አውቀዋለሁ። «ማንኪያውስ ለየብቻ ነው፤ በሽታው አንድ እንዳይሆን ነው የምፈራው» አለችው፤ እሷም ሳቀች።

ፍቅርተ የቫይረስ ተመራማሪ ናት፤ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የምታጠናው ሕፃናትን የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ቫይረስ ነው። የዚያው ዘመድ የሆነ ቫይረስ አዲስ የተወለደ ጥጃንም ይጥላል። እኛ አገር ደግሞ ከጉና የሚወርደው ብርድ ሲጠና ጥጃ ውጭ አያድርም፤ ሰውና ጥጃ አንድ ጣሪያ ሥር ይተኛሉ። እንግዲህ ጥያቄዋ አጭር ነበር። በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል ወይ?

ለምን ይህን መረጠች ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። ፍቅርተ ገና ፊደል ስትቆጥር ሞገስ የሚባል ወንድም ነበራት፤ መዳህ የጀመረ፣ ጉንጩ የሞላ ልጅ። የጥምቀት ለት እናቷ አዲስዓለም ነጭ አልብሳ ታቦት ልታጅብ ይዛው ስትወጣ፣ ጎረቤቷ የሺ ተቀብላ ሳመችውና «ይሄስ ልጅ አይደለም፣ መልአክ ነው» አለች። እንትፍ እንትፍ አላለችበትም፤ ከዓይን ያውጣህም አላለችው። ብዙም ሳይቆይ ሞገስ ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው ጀመር። ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንባ አጣ። ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሲሮጡ መንገድ ላይ አለፈ።

በቀብሩ ላይ አዲስዓለም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄን የበላችው የሺ ናት» አለች። እኔና አዲስዓለም እኩዮች ነን፤ ክፉ ሴት እንዳልሆነች እመሰክራለሁ። ሐዘን ነው ያናገራት። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲያ የሺ በመንገድ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ክርስትና ሲኖር አትጠራም። ሴት ልጇን ለማጨት የመጡ ሽማግሌዎች ወሬውን ሲሰሙ የተዘረጋውን ገበታ እንኳ ሳይነኩ ተመለሱ። የሺ አንድም ቀን አልተከራከረችም፤ ልጅ ባየች ቁጥር ማቀርቀርን ለመደች። ይህ እስካሁን ያናድደኛል። የኛ የጎረቤቶቿ ዝምታ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

ፍቅርተን ግን የሺም አሳድጋታለች። ያ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት፣ እናቷ ገበያ ስትውል፣ የሺ ቤት ነበር የምትበላው፣ እዚያው ነበር የምትተኛው። ስለዚህ ተምራ ስትመለስ በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ በአፏ ያጠፋችውን ስም በአፏ እንድትመልስ ማድረግ። የሺ አርጅታለች፤ ደረቷንም ያማታል። እንደተፈራች እንዳትሞት ፍቅርተ ትቸኩል ነበር።

ባለፈው ዓመት የጥናቷ ውጤት ደረሰ። ከታመሙት ልጆች አብዛኞቹን የያዛቸው ከልጅ ወደ ልጅ፣ በእጅና በውኃ የሚዞረው የሰው ቫይረስ ነበር። በጣም ጥቂቶቹ ላይ ግን የጥጃውን የሚመስል ተገኘ፤ ከጥጃ ጋር አንድ ክፍል የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ባሕር ዳር በተደረገ ስብሰባ የተጨበጨበላት ለእነዚያ ጥቂቶች ነው። የሚወራው መቼም እንግዳ ነገር ነው፤ የተለመደውን ማን ያወራል? የእሷም አፍ በዚያው ለመደ።

ከስብሰባው እንደተመለሰች እናቷ ዘንድ ሄደች። አዲስዓለም ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

«እማ፣ ሞገስን የገደለው ዓይን አይደለም» አለቻት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በሽታ ነው። ቫይረስ የሚሉት፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር። ልጅም ይይዛል፣ ጥጃም ይይዛል። አብረው ሲያድሩ ከጥጃው ወደ ልጁ ሲያልፍ አግኝተናል። እትዬ የሺ ምንም አላደረጉም።»

አዲስዓለም ምስሩን መልቀም ተወች።

«ከጥጃው ወደ ልጁ» አለች።

«አዎ።»

«ያን ሰሞን ላማችን ቦራ ወልዳ ነበር» አለች አዲስዓለም ቀስ ብላ። «ጥጃው ያስቀምጠው ነበር። ብርዱ ይጨርሰዋል ብዬ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ከሞገስ መኝታ ራስጌ አሰርኩት። የጥጃውን እየጠረግሁ፣ በዚያው እጄ ልጁን አነሣው፣ አጠባው ነበር።»

ፍቅርተ ይህን አታውቅም ነበር። «እማ፣ ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም» አለች እየተጣደፈች። «እንዲያውም በብዛት ከልጅ ወደ ልጅ ነው። በጥምቀቱ ሕዝብ መሃል ስንት እጅ ነክቶታል! የሞገስን ደግሞ ማንም አልመረመረውም። ከየት እንደመጣበት ማወቅ አይቻልም።»

«አሁን አንቺ አይደለሽም ከጥጃው ያልሽኝ?»

«ብያለሁ፣ ግን...»

«ተይ ልጄ። እኔን ለማጽናናት አትዋሺ።»

አዲስዓለም ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልሰማችም። የዚያኑ ዕለት ጓዳ ገብታ የጥጃ ማሰሪያውን ካስማ ከመሬቱ ነቅላ ወደ ውጭ ጣለችው። ፍቅርተ የሰውን ቫይረስ፣ የእጁን፣ የውኃውን ነገር ደጋግማ ብታስረዳትም ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች። መጀመሪያ የተሰማው ቃል ቦታውን ይዞ ነበር። «መጀመሪያ የተለመደውን ብነግራት ኖሮ!» ትላለች ፍቅርተ እስከ ዛሬ። እኔም ላጽናናት ብዬ «እውነት ተናግረሽ ከመሸበት እደሪ ይባላል» ብላት፣ «የመሸው እኮ በእኔ ላይ አይደለም፤ በእናቴ ላይ ነው» አለችኝ።

የተመኘችው ግን ሆነላት። እሑድ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲወጣ፣ አዲስዓለም ትልቅ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። በአገራችን በደለኛ ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ የተበደለው ይቅር እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። ሽማግሌዎች ነገሩ በቤት ይለቅ ቢሏት «ስሟን ያጠፋሁት በሰው ፊት ነው» ብላ እምቢ አለች።

የሺን በክንዷ ደግፈው አመጧት።

«ልጄን አልበላሽብኝም» አለች አዲስዓለም ቀና ሳትል። «በሐሰት ወንጅዬሽ፣ ቤትሽን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

የሺ እምቢ ትላለች ብዬ ሰጋሁ፤ ብትልም አልፈርድባትም ነበር። እሷ ግን በሁለት እጇ ድንጋዩን ከአዲስዓለም ጫንቃ አወረደችው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ሴቱ ሁሉ አለቀሰ። አንዲት ሕፃን የታቀፈች እናት ወጣ ብላ ልጇን የሺ እቅፍ ላይ አኖረችው። የሺ አቀፈችው፣ መረቀችውም፤ ፊቱን ግን አላየችም። ስታቀረቅር ኖራ የልጅ ፊት ማየቱ ጠፍቷት ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፍቅርተ የእናቷን ክንድ ይዛ ነበር። ደስ ብሏት ነበር፤ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። እርሻው ዳር ሲደርሱ አዲስዓለም ቆም አለችና ጫንቃዋን በእጇ አሻሸች።

«የየሺን ድንጋይ የሺ አወረደችልኝ» አለች። «የሞገስን ማን ያወርድልኛል?»