ሽማግሌ ከተቀመጠ በኋላ የተነሳው ዱላ

በደርግ ጊዜ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ጨርሼ ገና ማንበብ ስጀምር። ዓመቱን በልክ አላስታውስም። ስሜን እንኳ የምጽፈው እያላበኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ነገሩን የማልረሳው።

ከአዲስ አበባ አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ጂንካ መጣ። መጽሔቱ እንደኔ ላለው አዲስ አንባቢ ታሪክ በሥዕል የሚያወራ ነው። «ጸሐፊ እፈልጋለሁ፤ የፈለገ ይፈተን» አለ። ባለቤቴ ማርታ ሰምታ ሳቀች።

«አንተ ልትጽፍ? እስቲ መጀመሪያ የጻፍከውን ራስህ አንብበው!»

እልህ ያዘኝ። ሳልመረጥ ቤት አልገባም ብዬ ሄድኩ።

አዘጋጁ ለእያንዳንዳችን አራት ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጠን፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ከሰዎቹ አፍ አጠገብ ባዶ ክብ አለ። የሚናገሩትን እዚያ ጻፉ ተባልን።

እኔ ከላይ ወደ ታች ወረድኩ። በሬ የሰው እንሰት ይበላል፤ ከሥሩ ባለው ሥዕል ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከዚያ በቀኝ በኩል ወዳለው የላይኛው ሥዕል ወጣሁ። ባለእንሰቱ ዱላ አንስቷል፤ ከሥሩ ሁለቱ ባላጋራዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል ይጠጣሉ። እኛ ዘንድ እርቅ የሚያልቀው እንደዚያ ነው።

አዘጋጁ ወረቀቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ጓድ፣ ተሳስተዋል። የሚነበበው ወደ ጎን ነው። መጀመሪያ ይጣላሉ፣ ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል። የእርስዎ ሰውዬ ሽማግሌ ፊት ዱላ አነሳ እኮ!»

«ጎረቤቴ ላሌም አንስቷል» አልኩት።

«ሌላ ወረቀት ልስጥዎት፤ ይድገሙት።»

«አልደግምም። አንብበው። ደስ ካላለህ እሄዳለሁ።»

አነበበው። ሽማግሌው «በሬ ምን ያውቃል? ይቅር በለው» ይላል። ባለእንሰቱ ዱላውን አንስቶ «እንሰቱን አንተ ነህ የተከልከው?» ይላል። ቅሉ ላይ ደግሞ «ቀስ በል! በሬህ እንሰቴን በላ፤ አንተ ደግሞ ድርሻዬን ልትጠጣ ነው?»

አዘጋጁ እስኪያስለው ሳቀ። ሥዕሎቹን በመቀስ ቆርጦ እንደኔ አካሄድ ለጠፋቸው። ግን ቁጥር ጻፈባቸው።

«ሌላው እንደ እርስዎ እንዳይሳሳት» አለኝ። ስህተቱን አልካድኩም። ከሁለት መምህራን ጋር ተመረጥኩ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ታሪክ ጽፌ ተውኩት፤ እርሻው አላስቀመጠኝም። አንድ ቀን አልዱባ ገበያ ላይ ግን አንድ ነጋዴ መጽሔቱን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ የከበቡት ሰዎች ሲስቁ አገኘሁ። ቅሉ ጋ ሲደርስ «ድገመው! ድገመው!» አሉት።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ማንም አላመነኝም። ባያምኑም ግድ የለኝም። ስቀዋል፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።