የባዶ ቤት ጭስ

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ሸማኔ ነበሩ። ከወሎ መጥተው ብዙ ዘመን ቢኖሩም ሰው የሚጠራቸው «እንግዳው» እያለ ነበር።

ሰፈርተኛው ወደ ገጠር ሲሸሽ እሳቸው ቀሩ። ወታደሮቹ ባዶ ቤት ካገኙ በሩን ገንጥለው ይማግዱት ነበርና፣ ጭስ አይተው ሰው አለበት ብለው እንዲያልፉ፣ ሸማኔው ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ ፍም በገል ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ እሳት ያነዱ ነበር። ማገዷቸው ለሰው ቤት እያለቀ የራሳቸው ጎጆ ሳይጨስ ከረመ።

ሰዉ ሲመለስ ቤቱን እንደተወው አገኘው። ጎረቤታቸው እመት ማንጠግቦሽ፣ «ይባረኩ እንግዳው! መቼም እርስዎ ምን ቸገረዎት፣ ሲከፋዎት አገርዎ ይገባሉ» አሉ።

«የቱን አገሬን፣ እመቴ?» ብለው ሳቁ።

ያን ማታ የሰፈሩ ቤት ሁሉ ጨሰ። ወደ ሸማኔው ጎጆ ግን ፍም ይዞ የሄደ አልነበረም።