ስበላ ያዩኝ መነኩሴ

ባለፈው እሑድ ልጄ መጣችና ስልኬን ከእጄ ወስዳ አንድ አፕ ጫነችልኝ። «ማሚ፣ ስትሬስድ ነሽ። ይሄ ሪማይንድ ያደርግሻል፤ ጀስት ብሪዝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ደወል ይደውልና በለሰለሰ የሴት ድምፅ ተንፍሺ ይለኛል። ለመተንፈስም አስታዋሽ የሚያስፈልግበት ዘመን ላይ ደረስን! ልጄ ይህን የምታስተምረኝ ቆማ፣ በአንድ እጇ የመኪና ቁልፍ ይዛ፣ በሌላው ከድስቴ ምስር በማንኪያ እየቀመሰች ነው። «የቡዲስቶች ነው፤ ቬሪ ኦልድ» ስትለኝ ሳቄ መጣ። አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው ልላት ነበር፤ ደከመኝና ተውኩት።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዓመታት ነው፤ ከሱዳን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ገና ሁለተኛው የበረዶ ወራት። ጠዋት በአንድ ሆቴል ላውንድሪ አንሶላ አጥፋለሁ፤ ማታ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ። ታናሽ እህቴ አልማዝ ካርቱም ቀርታ ነበር። እሷን ለማምጣት ቋሚ ሥራ ሊኖርሽ ይገባል ተብያለሁና፣ ሥራዬን ካጣሁ እሷንም አጣኋት ማለት ነው። እንቅልፍ ግን ከእኔ ጋር ተጣላ። ጋደም ስል እንኳ እጄ አንሶላ ሲያጥፍ ያድራል። አንድ ቀን ታዲያ ከትልቁ የአንሶላ መተኮሻ ማሽን ፊት ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም «ሁለተኛ ከወደቅሽ እዚህ ላቆይሽ አልችልም፤ ማሽኑ እጅሽን ይበላዋል» አለኝ።

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ የሚይዙልኝ ቡንሚ የሚባሉ ቡዲስት የላኦስ ስደተኛ ነበሩ። እናቴን የሚያህሉ ሴት በባዶ ስም መጥራት ስለከበደኝ እትዬ ቡንሚ እላቸዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁኝ ለምደውት ነበር። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ነው፤ ስብርባሪው ግን ይገጣጠም ነበር።

«ነገ ከሥራ ስንወጣ መነኩሴያችን ጋ እወስድሻለሁ፤ ቁጭ ማለት ያስተምሩሻል» አሉኝ።

ቁጭ ማለት ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ፍርሃትም ያዘኝ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። በዚያን ጊዜ በከተማው የማውቀው የእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ጾሙን ግን አልፈታሁም። በሁዳዴ ጣዖት ቤት ልግባ? ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ አማትቤ እገባለሁ፣ እግዜር ያየውን ይይ ብዬ ቆረጥኩ።

ቤቱ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ላኦሶቹ የተከራዩት አሮጌ ቤት ነው። መንገዱ ዳር የጠቆረ በረዶ ተቆልሏል። በር ላይ ጫማሽን አውልቂ ስባል ግማሹ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ ጫማ የሚወለቅበት ቤት ለእኔ ባዳ አይሆንም። መነኩሴው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ብርቱካንማ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ የእግር ኳስ ቡድን ስም የተጻፈበት የሱፍ ኮፍያ ደፍተዋል። የኦሃዮ ብርድ ለመነኩሴም አይራራ።

ባዶ እጅ አይኬድምና ምስር ወጥና እንጀራ ይዤ ነበር፤ ጤፍ በሌለበት አገር ከስንዴ ዱቄት በመጥበሻ የጋገርኳት እንጀራ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ የጾም መፍቻ ሰዓት ነው። መነኩሴም ጿሚ ነው፣ ርቦታል ብዬ አሰብኩ። ቆርሼ፣ ጠቅልዬ፣ በሁለት ጉልበቴ ተንበርክኬ፣ «በሞቴ!» ብዬ ጉርሻውን ወደ አፋቸው ዘረጋሁ።

መነኩሴው ወደ ኋላ ተለጠጡ። እትዬ ቡንሚ ጮኸው ክንዴን ያዙኝ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ተጸየፉኝ ብዬ ፊቴ ነደደ። ለካ የእነሱን መነኩሴ ሴት አትነካም፤ እሳቸውም ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም። የእኛዎቹ ጿሚዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉ፣ የእነሱ መነኮሳት ከስድስት ሰዓት በኋላ አይበሉ፤ አንድ ገበታ ላይ እንዴት ይገናኙ?

መነኩሴው ስቀው ሲያበቁ አንድ ነገር ተናገሩ። እትዬ ቡንሚ ተረጎሙልኝ፦ «አንቺ ብዪ፤ እኔ አይሻለሁ ይላሉ። ስትበዪ ግን መብላት ብቻ።»

አፍሬ ጉርሻውን ወደ ራሴ አፍ መለስኩት። እንደ ሥራ ቦታዬ ዋጥ ዋጥ ሳደርግ እጃቸውን ከፍ አድርገው «በዝግታ» አሉኝ። ቀስ ብዬ አኘክሁ። ያን ጊዜ ነው ወጤ ጨው እንደሌለው ያወቅሁት። ጨው የሌለው ወጥ ስንት ጊዜ እንደበላሁ እንጃ። ቀና ስል ሽማግሌው ያዩኛል፤ አይፈርዱም፣ አያዝኑም፣ ያያሉ ብቻ። ከካርቱም ከወጣሁ ወዲህ በላች አልበላችም ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ እንጀራው ላይ ይወርድ ጀመር። ጨውም ሆነው፤ በላሁት።

ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ላይ ጋደም ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ። ስነቃ ጀንበር ጠልቃለች፣ ብርድ ልብስ ደርበውልኛል፣ የምግብ ቤቱ ሰዓት አልፏል።

«ለምን አልቀሰቀሱኝም!» ብዬ እትዬ ቡንሚ ላይ ጮኽኩባቸው።

«ተኝተሽ ነበራ» አሉኝ።

የማታው ሥራ በዚያው ቀረ፤ ብዙ ቀን አኮረፍኳቸው። ነገር ግን ማታ መተኛት ጀመርኩ፤ ማሽኑ ፊትም ዳግመኛ አልወደቅሁም። አልማዝ ዘገየች እንጂ አልቀረችም፤ ዛሬ ሚነርቫ ፓርክ ቤት ገዝታ ልጅ ድራለች። መነኩሴው ቁጭ ማለት ያስተምሩኛል ብዬ ሄጄ፣ እሳቸው ያደረጉልኝ ማየት ብቻ ነበር። ይህን የሚያደርግ አፕ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ትናንት ልጄ ብቅ አለች። ብቻዬን ምሳ እየበላሁ ነበር።

«አፑን ዩዝ እያደረግሽ ነው?»

«ቁጭ በዪ።»

«ማሚ፣ ሚቲንግ አለኝ፤ አልበላም።»

«አትብዪ። ስበላ እዪኝ።»

«ዋት?»

«እንዲያው እዪኝ።»

ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔም ቆርሼ፣ ጠቅልዬ፣ ቀስ ብዬ ጎረስኩ። እሷም አየችኝ፤ ዓይኗ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ፣ እዚያው ቆየ።

«ማሚ፣ ስትጎርሺ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል» አልኳት።