የእትየ አሪፋ የምሳ እንግዳ

እትየ አሪፋ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ጨርቅ በዓይን አይገዛም ብለው ከደንበኛ ጋር የማይጨቃጨቁበት ቀን የለም። አንዱ ጣቃ አንሥቶ «ጥጥ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አንዴ ፈተግ ያደርጉና «ግማሹ ጥጥ፣ ግማሹ ውሸት» ይላሉ። ተሳስተውም አያውቁም።

ይህ የጣት ነገር ግን ባለፈው አንድ ዓመት ከሙያነት አልፎ መደበቂያ ሆኗቸዋል። ግራ ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቷል፤ ቀኙ ደግሞ ሁሉን ነገር ወተት ውስጥ ነክሮ ነው የሚያሳያቸው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ነጩን ከበሩ በስተቀኝ፣ ጥቁሩን ከሥሩ፣ አረንጓዴውን ከመስተዋቱ ጎን ደርድረው በቃላቸው ይሸጣሉ። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጃቸው ሰላህ ካወቀ ሱቁን ዘግቶ ወረታ ቤቱ ይወስዳቸዋል። ድሮውንም «እማ፣ በቃሽ፤ እኔ ጋ መጥተሽ እረፊ» ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል። ለእትየ አሪፋ እረፍት ማለት ተቀምጦ ግድግዳ መቁጠር ነው፤ ያውም ግድግዳው ሳይታይ።

እናም በዒድ ማግስት ሰላህ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ሱንዱስን ይዞ መጥቶ «ተነሽ እማ፣ ዛሬ እንስሳት በእጅ የሚነኩበት ቦታ ነው የምንውለው» ሲላቸው ማምለጫ አጡ። አሞኛል እንዳይሉ ሐኪም ቤት ይወስዳቸዋል። ምን ይደረግ፣ ሄዱ።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ከሐይቁ ዳር በቅርቡ የተከፈተ መናፈሻ ነው። እትየ አሪፋ መኪና ውስጥ ሳሉ ዘዴያቸውን ጨረሱ፦ የሱንዱስን እጅ አለመልቀቅ፣ ሌላው «ውይ!» ሲል አብሮ «ውይ!» ማለት። ዘዴው ለጥቂት ጊዜ በደንብ ሠራ። ለጉሬዛው «ውይ ሲያምር!» አሉ። ለሰጎኗም አሉ። ሱንዱስ የጫማዋን ክር ልታስር እጃቸውን በለቀቀች ጊዜ ለቆሻሻ መጣያው በርሜልም አሉ።

«እማማ፣ እሱኮ በርሜል ነው» አለች ሱንዱስ።

«መች ጠፋኝ? አቀባቡ አምሮኝ ነው።»

ሰላህ ዘወር ብሎ አያቸውና መንገዱን ቀጠለ።

ከዋርካው ጥላ ሥር ወለላ የምትባል አስጎብኚ ጎብኚዎችን ሰብስባ ጨዋታ ታጫውታለች። ዓይን ተሸፍኖ የሚቀርበውን እንስሳ በእጅ ብቻ መለየት ነው። ሰላህ ኤሊውን ዳሶ «ድንጋይ» አለ። ሱንዱስ ገና ሳትነካ ጮኸች። እትየ አሪፋ ግን ሻሻቸውን ራሳቸው ወደ ዓይናቸው ጎትተው፣ እንደ ሱቃቸው ባንኮኒ ደልደል ብለው ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ከዓመት ወዲህ ከሰው እኩል ሲሆኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ይኼ የጃርት እሾህ ነው። ይችኛዋ እስስት ናት፤ ቆዳዋ ያልታጠበ አቡጀዲ ነው የሚመስለው።»

ቀጥሎ ወለላ ከባድና ቀዝቀዝ ያለ ነገር ክንዳቸው ላይ አሳረፈች። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እትየ አሪፋ ከላይ ወደ ታች አንዴ ዳበሱት።

«ሳቲን!» አሉ። ደግመው ዳበሱትና «ዘንዶ ነው አይደል? እንዲህ ያለ ሳቲን ሱቄ ገብቶ አያውቅም።»

ጭብጨባው ቀለጠ። «እትየ፣ ለምን እዚህ አይቀጠሩም?» አለች ወለላ። ሰላህ በእናቱ ኩራት ደረቱ ተነፋ።

ድሉ አዘናጋቸው። ሰላህ ሣሩ ላይ ምሳ ሊዘረጋጋ ሲል እትየ አሪፋ የሱንዱስን እጅ ለቀው ብቻቸውን ወደ ውኃው ዳር ጠጋ አሉ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ራሰ በራ፣ ጠቆር ያለ ካፖርት የደረቡ፣ አንገታቸውን ቀብረው ሐይቁን የሚያዩ። የጨዋ ልጅ ደግሞ በበዓል ሽማግሌን በዝምታ አያልፍም።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ዒድ ሙባረክ!»

መልስ የለም። ጆሯቸው ከብዶ ይሆናል ብለው እትየ አሪፋ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እንዴት ከረሙ? ብቻዎን ነዎት እንዴ? በሉ ይምጡ፣ ከኛ ጋር ምሳ ይቅመሱ። አይፈሩ፣ ቤተሰብ ነው!» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

ሽማግሌው ረጅም መንቁሩን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገና ካፖርቱን ዘርግቶ በረረ። አባ ኮዳ ነበር፤ የዓሣ አንጀት ፍለጋ ከአሥጋሪዎቹ አጠገብ የማይጠፋው ያ ቁመተ ረጅም ወፍ።

ሱንዱስ ሣሩ ላይ ተንከባለለች። ወለላ አፏን በእጇ ያዘች። እትየ አሪፋም አብረው ሳቁ፤ «ላስቃችሁ ብዬ ነው እኮ» አሉ። ሰላህም መጀመሪያ ስቆ ነበር። ከዚያ በርሜሉ ትዝ አለው። መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«እማ፣ የለበስሁት ሸሚዝ ምንድን ነው?»

እጃቸው እጅጌው ላይ አረፈ። «ፖፕሊን ነዋ። ለዒድ ራሴ ቆርጬ ያሰፋሁልህ አይደል?»

«ቀለሙን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ነጭ ነዋ! መስጊድ በምን ትሄዳለህ ታዲያ?»

ሰላህ ሸሚዙን ቁልቁል አየ። ሱንዱስ ግን ልጅ ናት፤ «ሮዝ ነው እማማ» አለች።

ለካ ጣቃዎቹን ሱቁ ውስጥ ያወረደው ተሸካሚ ተርታውን አዛብቶ የነጩን ቦታ ለሮዙ ሰጥቶት ኖሯል። ሰላህ ያንን የከረሜላ ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ በወረታ ጎልማሶች መሀል ዒድ ሰግዷል። ጓደኞቹ «ሙሽራው! ሙሽራው!» እያሉ ሲሳለቁበት ውለዋል። እናቴ መርጣ የሰጠችኝ ነው ብሎ አላወለቀውም፤ ደስ ይበላት ብሎም ዛሬ ደገመው።

እትየ አሪፋን ያሳፈራቸው አባ ኮዳው ሳይሆን ይህ ነው። የሱቁን ቁልፍ ከጉያቸው አውጥተው ዘረጉለት።

«እንካ። አላይም። ዓመት ሆነኝ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ትዘጋብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ሰላህ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ መልሶ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፋቸው። «የታመመው ዓይንሽ ነው፤ ሱቁ ምን አጠፋ?» አለ። «ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አላቸው፤ ተገፈፈም። በማግስቱ ፋሻው ከቀኝ ዓይናቸው ላይ ሲነሣ ሰላህ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። እትየ አሪፋ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«በዚህ ነው የሰገድኸው?»

«አንቺ ነሻ የሰጠሽኝ።»

«በሰው ፊት?»

«በወረታ ሰው ሁሉ ፊት።»

እንዳያለቅሱ ሐኪሙ አስጠንቅቋቸው ነበር። አልሰሙትም። እያለቀሱ እጃቸውን ሰደዱና እጅጌውን በሁለት ጣታቸው ፈተግ አደረጉት።

«ጨርቁስ ሙሉ ጥጥ ነው» አሉ፤ «ምንም ውሸት የለበትም።»