ያልተሟሹት ሁለት ድስቶች

እናቴን ይመኙሽን ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ነገር ያውቃታል፤ አዲስ ድስት ሳታሟሽ ወጥ አትሠራበትም። በጎመን ዘር አሽታ፣ እሳት ላይ አግላ፣ ሸክላው ጠጥቶ ሲበቃው ነው የምታምነው። ትምህርቷን ከሦስተኛ ክፍል አቋርጣ ነው የተዳረችው። እኔ ወንጌላዊት ደግሞ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ።

የባዮሎጂ መምህራችን ቲቸር ክንዱ፣ ውሃ ማጠጣት የተክልን እድገት እንዴት እንደሚለውጥ የሚያሳይ ሙከራ እንድናቅድ አዘዘን። ከክፍሉ የሚመረጠው አንድ እቅድ ብቻ ነው፤ እኔም የእኔ እንዲሆን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አራት ባቄላ በአራት ድስት እተክላለሁ፤ አንዱ በየቀኑ፣ አንዱ በየሦስት ቀኑ፣ አንዱ በሳምንት ይጠጣል፤ አንዱ ምንም አያገኝም። "ከውሃው በቀር ሁሉም እኩል ይሁን" ስለተባልን ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ አራት እኩያ ትንንሽ ድስቶች ገዛሁ።

"ውሃ የሚነፈገው ባቄላ ምን አጥፍቶ ነው?" አለች እናቴ።

"ለማወዳደር ነው።"

"ምን ልታውቂበት?"

ድስቶቹን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጥያቄዋ ያሰለቸኝ ነበር።

ዘሩን ሳልተክል ድስቶቹን ልፈትሽ ብዬ አፈር ሞላሁና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ኩባያ ውሃ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ጣቴን ብሰድ የሁለቱ አፈር ገና ጭቃ ነው፣ የሁለቱ ደርቋል። አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ቦታው አንድ። ዶሮዎቹን ጠረጠርኩ፤ ፀሐዩን ጠረጠርኩ። ቦታ አቀያይሬ ብደግመውም ያው ሆነ። እቅዱ የሚገባው ሰኞ ነው። እሑድ ከሰዓት ቢቸግረኝ "በአንዱ ጎን ፀሐይ ይበዛል" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች "ምን ጻፍሽ?" አለችኝ። አነበብኩላት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ውሸት ይዘሽ አትሂጂ። ሁለቱን እኔ አሟሽቻቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"ያመጣሻቸው ለት። ያልተሟሸ ድስት ከእኔ ቤት ወጥቶ ተማሪ ቤት ቢታይ ሰው ምን ይለኛል? ጎመን ዘሩ አለቀብኝና ሁለቱ ቀሩ።"

የወለቃ ሸክላ ድሮም ጥቁር ስለሆነ በዓይን አልለየሁትም። በንዴት አለቀስኩ። "ባልተማርሽበት ነገር ምነው እጅሽን ታስገቢያለሽ?" አልኳት። ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ሰኞ የሆነውን እንዳለ ለክፍሉ ተናገርኩ። ተማሪው ሳቀ፤ ቲቸር ክንዱ ግን አልሳቀም።

"ያልተሟሸው ምነው ቶሎ ደረቀ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ይሄንንም አጥኚው። አሁን ከእናትሽ ጋር አራቱንም አሟሽታችሁ ሐሙስ እቅዱን አምጪው።"

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "እማ፣ የቀሩትን ሁለቱን አሟሺልኝ።"

"አላሟሽም" አለች።

ክው አልኩ። ተቀይማኛለች ብዬ ነበር፤ ኋላ ነው ግድግዳው ሥር ያስቀመጠቻቸውን ያየሁት። ከድስቶቹ ሁለቱን አፈራቸውን ደፍታ፣ አጥባ፣ ውሃ ሞልታቸዋለች፤ አንዱ የተሟሸ፣ አንዱ ያልተሟሸ።

"ያንቺን ነገ ከወለቃ ሁለት ገዝቼ፣ አራት አሟልቼ አሟሽልሻለሁ። እነዚህን ለእኔ ተዪልኝ። በይ ይሄን ዳብሺው።"

ያልተሟሸው ድስት ጀርባ እርጥብ ነበር፤ ይቀዘቅዛል። የተሟሸው ደረቅ ነው።

"ሃያ ዓመት ሳሟሽ ውሃው በየት እንደሚወጣ የጠየቀኝ የለም" አለች። "እኔም አልጠየቅሁ።"

እቅዴ ሐሙስ ተመረጠ፤ ደስታዬም ደስታ ነበር። ከዚያ ሳምንት አብልጬ የማስታውሰው ግን የሰኞውን ከሰዓት ነው። አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ "ትናንት ስላልኩሽ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"እሱን ተዪው። ወረቀት ስጪኝ።"

ከደብተሬ መሃል ገንጥዬ ከእስክሪብቶ ጋር ሰጠኋት።

"ቀድሞ ምን ይጻፋል?"

"ጥያቄሽ።"

እስክሪብቶውን ጨብጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ኋላ በትልልቅ ፊደል፣ ቀስ እያለች "ውሃው በየት ወጣ" ብላ ጻፈች። አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣

"አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቀደው?" አለችኝ።