«ሆዴ» በግድግዳ ጋዜጣ ላይ

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርሁ። ከማስተማሩ ሌላ፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለሚለጠፈው የግድግዳ ጋዜጣ የኪነት ዓምድ እንድጽፍ ተመደብሁ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል» ተባለ። ስለ ኪነት ምን አውቅ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ሥራው ቀላል ነበር። የአውራጃው የኪነት ቡድን ባሳየ ቁጥር «ቀስቃሽ ዝግጅት አቀረበ» እላለሁ። ሕዝቡም ሁልጊዜ «በከፍተኛ ስሜት» ያጨበጭባል፤ ብርዱ እጁን ከጋቢው ባያስወጣው እንኳ።

አንድ እሑድ ከመፈክሩ ዘፈኖች በኋላ በጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊና መርፌ ወጊ፣ የሆነች ልጅ ተነሥታ የናፍቆት ዘፈን ዘፈነች። «ሆዴ» ስትል አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «እሰይ፣ ልጄ!» አሉ። እኔም ቤቴ ገብቼ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሁ።

የጋዜጣው ኃላፊ፣ ካኪ ለባሽ ጎልማሳ፣ ረቂቁን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ‹ሆዴ› ምንድን ነው?»

«የፍቅር ቃል ነው፣ ጓድ። የሚወዱትን ሰው ሆዴ ይሉታል።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ባለቤቴን እላታለሁ። ጋዜጣ ላይ ግን አልላትም።» በቀይ እስክሪብቶ «ሆ»ን እየሰረዙ «ጓ» ጻፉበት። «አየህ? አንዲት ፊደል ብቻ ናት።»

ማክሰኞ ጋዜጣው ተለጠፈ፤ ድምፃዊቷ «ጓዴ፣ ጓዴ» እያለች ታዳሚውን አስለቀሰች ይላል። በማግስቱ ድምፃዊቷ ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣችብኝ።

«መምህር፣ እኔ መቼ ነው ጓዴ ያልሁት? የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ መሳቂያ አደረገኝ። በሽተኛው ሳይቀር ‹ጓዴ፣ መርፌውን ቀስ› ይለኛል!»

ረቂቁን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። ቀዩን ስርዝ እየተከተለች በጣቷ አነበበች፤ ወደ መጨረሻው ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እኔ ያልሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሦስተኛውን «ሆዴ» ማን አለው?»

ሦስተኛው በመጨረሻው መስመር፣ ያለ ጥቅስ ምልክት የተጻፈ፣ የኔው ነበር። ስጽፈው ልብ አላልሁም ብል ማን ያምነኛል?

«የ... የጽሕፈት ስሕተት ይሆናል» አልሁ።

«በዚህ በሚያምረው የእጅ ጽሕፈት?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ከዘፈኗ ይበልጥ ያምር ነበር፤ ያንን ግን አልጻፍሁትም።

በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። «ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ለማሳመር «ጸሐፊ ነው» አሏቸው።

«ጸሐፊ ከሆነማ መጥቶ ብራና ይፋቅልኝ» አሉ የኔታ።

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በጓሯቸው የፍየል ቆዳ ስፍቅ ዋልሁ። አንዱን በሳሁት። ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አቅንተው ብዙ አዩት፤ «ጸሐፊስ አይደለህም» አሉኝ። ልጃቸውን ግን ሰጡኝ።