የጾም ወገብ

በሁዳዴ የተለካ ወገብ አላምንም። ጉርድ ሾላ ባለችው የልብስ ስፌት ቤቴ የምሰፋው የሴት ቀሚስ ብቻ ነው፤ ለፋሲካ የሚለበሰው ደግሞ የሚለካው በጾም ነው። ደንበኛዋ መስታወት ፊት ቆማ "እዚህ ጋ ጠበብ አድርጊልኝ" ስትለኝ እሺ እላለሁ፣ በስፌቱ ውስጥ ግን ሳልነግራት ትርፍ ጨርቅ አስቀራለሁ። ጾሙ ተፈትቶ ዶሮውና ቅቤው ሥራውን ሲሠራ ያ ቀሚስ ተመልሶ እጄ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። በጾም የቀጠነ ሰው ቀጠነ አይባልም። ይህ የሙያዬ ሕግ ነው፤ ከድቶኝ አያውቅም ነበር።

የማላምነው ወገብ ብቻ አይደለም። ሻጭ "ንጹሕ ጥጥ ነው" ካለኝ ከጠርዙ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ። አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ከተኮማተረ ጨርቁን ለሻጩ መልሼ እወጣለሁ። ባሌ "አንቺ መልአክ ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ" እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው፣ እጠይቀዋለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት፣ ባሏ ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ጀልባ ሲጀምር ምን እንደምታስብ ገምቱ። ባሌ የካ ሚካኤል ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ከልጅነቱ የሚያውቀው ትልቅ ውሃ ቢኖር ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛው ከውጭ አገር ተመልሶ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ አንዲት የሸራ ጀልባ አስቀመጠና፣ ከጥምቀት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞት መሄድ ጀመረ። ካታማራን ይሏታል፤ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ተጋጥመው መሃላቸው ላይ ወፍራም ሸራ እንደ ጠፍር አልጋ ተወጥሮባቸዋል። ጓደኛው ይነዳል። የባሌ ሥራ ደግሞ ነፋሱ ሲበረታ ወገቡን ከምሰሶው በሚወርድ ሽቦ ላይ አንጠልጥሎ፣ እግሩን ጠርዝ ላይ ተክሎ፣ ውሃው ላይ ወደ ውጭ መዘርጋት ነው። ክብደቱ ጀልባዋን እንዳትገለበጥ ይይዛታል። ይህን ሲነግረኝ ጆሮዬን ቀስሬ ሰማሁትና አንዱንም አላመንኩም።

ነገር የሸተተኝ ግን በጀልባዋ አይደለም። ቅዳሜ ማታ መጥቶ ራት ሳቀርብ "በልቼ ነው የመጣሁት" ማለት ጀመረ። የት በላ? ከማን ጋር? ልብሱን እኔ ፊት መቀየር ትቶ ሌላኛው ክፍል ገብቶ ይቀይራል። ስልክ ሲደወልለት ግቢ ወጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ሲመለስ "ማን ነው?" ብለው "ከሥራ ነው" ይላል። ጡረታ የወጣ ሰው ከየትኛው ሥራ ነው የሚደወልለት? ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተውኩ። የምጠረጥረውን ሰው አልጠይቅም፤ ጥያቄ መልስ እንዲያዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል። ዕድሜ ልኬን ስጠረጥር ኖሬ፣ አንድ ሰው ብቻ ነበር ሳልጠረጥር አጠገቡ የምተኛው።

ፋሲካ አልፎ፣ ዳግማዊ ትንሣኤም አልፎ፣ አንድ ምሽት "ቅዳሜ ለምን አብረሽኝ አትሄጂም?" አለኝ።

"እኔ? ምን ልሠራ?"

"ጀልባዋ ክብደት ያስፈልጋታል። ጓደኛዬ የእኔ ብቻ አልበቃንም ይላል።"

እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አየሁት። ሚስቱን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ጀልባ ላይ ሊጭን የሚጠይቅ ባል አጋጥሟችሁ ያውቃል? ተናደድኩ። ቢሆንም እሺ አልኩ፤ ውሃው ናፍቆኝ ሳይሆን ያንን ቅዳሜ በዓይኔ ለማየት።

እዚያ ለመውጣት መጀመሪያ የወገብ መታጠቂያ ያስፈልጋል። ሃርነስ ይሉታል፤ የረጃጅም ሕንፃ መስታወት የሚያጥቡት ልጆች የሚታጠቁት ዓይነት ሲሆን፣ የጀልባው ግን ፊት ለፊቱ ላይ ሽቦው የሚያዝበት ትልቅ መንጠቆ አለው። ባሌ ሁለት መታጠቂያ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ስፌት ቤቴ መጣና መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው። አንዱ አዲስ ነው፤ ጠበብ ያለ፣ ወገብ ላይ ብቻ የሚጠመጠም። ሌላው ያገለገለ ነው፤ ከታች መቀመጫ ያለው፣ በጭን ስር የሚያልፉ ማሰሪያዎች ያሉት፣ ቁምጣ የመሰለ።

"ለጀማሪ ባለ መቀመጫው ይሻላል" አለ። "ጀርባሽንም ታችሽንም ይይዛል። ጠባቡ ግን ካልለመድሽው ወደ ጎድንሽ ይሸሻል። መንጠቆው ከእምብርትሽ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ ወገብሽ ይቆረጣል፤ ብዙ ዝቅ ካለ ደግሞ በጭንቅላትሽ ትደፊያለሽ።"

"አዲሱን ለአንተ፣ አሮጌውን ለእኔ ማለት ነው?"

"አሮጌ አይደለም። ተለብሶ ነው።"

ከሁለቱም ክር መዝዤ አቃጠልኩ፤ ሁለቱም ቀልጠው ጥቁር እንክብል ሆኑ። በዚህ ጊዜ መቅለጡ ደግ ነው፣ ጥጥ ውሃ ላይ ይበሰብሳል። ስፌቱን በጥፍሬ ፈተሽኩ፣ ማሰሪያውን አጥፌ ፀሐይ እንዳላደረቀው አየሁ። የተለበሰውን ዘለበት ስፈታ ግን እጄ ቆመ። ማሰሪያ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲጠብቅ እዚያው ይታጠፋል፣ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይለቃል። እዚህ ላይ ሦስት እጥፋት ነበር። አንዱ ወደ ጫፉ ነው፣ የሰፊ ሰው። አንዱ መሃል። የመጨረሻው ወደ ውስጥ ርቆ የገባ፣ ቀለሙ ገና ያልለቀቀ፣ የሰሞኑ። ሰፊው የባሌ ነው፤ ይህን ለማወቅ ሜትር አያስፈልገኝም። የመጨረሻው ወገብ የቀጭን ሴት ነው። የመሃሉ ትንሽ ግራ አጋባኝ፣ እሷም ሌላ ሴት ትሆናለች ብዬ ደመደምኩ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የጀልባዋ ነው። የመጣ ሁሉ ይለብሰዋል።"

"የመጣ ሁሉ ማን?"

"የመጣ ሰው ነዋ" አለና ወደ መንገዱ ዞሮ ተሳፋሪ የሚጠራውን የታክሲ ረዳት ያዳምጥ ጀመር።

መታጠቂያ ሳይንጠለጠሉበት አይመረጥም ብሎኝ ስለነበር፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገመድ ይዘን ወደ እንጦጦ ወጣን። የቤታችን ጣሪያ ኮርኒስ ነው፣ ሰው አይሸከምም። ግቢ ውስጥ ገመድ ስሰቅል ብታየኝ ጎረቤት ምን እንደምትል ደግሞ እግዜር ያውቃል። ባሌ ዳገቱን ደጋግሞ እየቆመ ነበር የወጣው። እኔ የሚነግረኝን ውሸት ሊያመቻች ነው ብዬ ፊቱን ሰርቄ አያለሁ።

ገመዱን መንታ በሆነ ወፍራም ባሕር ዛፍ ላይ ሲያስር አንድ የደን ጥበቃ ከላይ ወረደ።

"ጋሼ፣ ገመዱ ለምን ይሆን?"

"ለጀልባ ነው" አለ ባሌ።

ጥበቃው ቁልቁለቱን አየ፣ ባሕር ዛፉን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በዝግታ "እትዬ፣ ሰላም ነው?" አለኝ።

"ሰላም ነው። መታጠቂያ እየመረጥን ነው።"

አላመነም። ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ይጠብቀን ጀመር። ወደድኩት፤ እንደኔ ያለ ሰው ነው።

መጀመሪያ ጠባቡን ታጠቅኩ። እግሬን ግንዱ ላይ ተክዬ ወደ ኋላ ስተኛ መታጠቂያው ሽቅብ ሸሽቶ ጡቴ ስር ገባና ትንፋሼን ዘጋው። ባለ መቀመጫውን ማሰሪያው እስከሚሄድበት አላልቼ ታጠቅኩት። ያዘኝ። ከታችም ከጀርባም እኩል ያዘኝና፣ ገመዱን ከእጅሽ ልቀቂ ሲለኝ ለቀቅኩ። ከእግሬ በታች የካ ከነቆርቆሮዋ ተዘርግታ ትታያለች። ባሌ አጠገቤ ቆሞ "ጎሽ፣ ጉልበትሽን ዘርጊ፣ እንዲህ ነው" ይላል፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ እውነተኛ ይመስላል። ይህንን ደስታ ለሌላዋም አሳይቷት ይሆናል ብዬ አሰብኩና ወረድኩ።

"ይሄኛው ይሻላል" አልኩ። ዘለበቱን ወደ መጨረሻው እጥፋት፣ ወደ ቀጭኗ ሴት ወገብ መለስኩትና ሰጠሁት። "አሁን አንተ።"

"እኔ አውቀው የለ?"

"ላይህ እፈልጋለሁ።"

ያሰብኩት ይህ ነው፤ ዘለበቱ አይገጥምም፣ እሱ ማሰሪያውን ለማላላት እጁን ይሰዳል፣ ያኔ "የማን ወገብ ነው ታዲያ?" እለዋለሁ። ጥበቃውም ምስክር ይሆነኛል።

ባሌ ጃኬቱን አወለቀ። ከሥሩ ሹራብ ነበር፣ እሱንም አወለቀ። ከሥሩ ሌላ ሹራብ ነበር። በግንቦት ፀሐይ። መታጠቂያውን በእግሮቹ አስገብቶ ወደ ላይ ሳበው፣ ዘለበቱን አጋጠመው። ገጠመ። ማሰሪያውን አልነካውም።

የሙያ ነገር ሆኖ እጄ ከእኔ ቀደመ። ለደንበኛ እንደማደርገው ሁለት ጣቴን በማሰሪያውና በወገቡ መካከል ሰደድኩ። ልክ ነው። በሹራቡ ውስጥ አጥንቱን ነካሁት። ሦስቱም እጥፋት የአንድ ሰው ነበሩ።

ከሁዳዴ ጀምሮ ፊቱ መክሳቱን አይቼ ነበር እኮ፤ ጾሙ ነው፣ ይመለሳል ብዬ ትርፍ ጨርቅ ትቼለት ነበር። ግን እኮ አሁን በሃምሳው ነን። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አልኩት።

"ምኑንም ገና አላወቅኩም። ማክሰኞ ውጤቱን ይሰጡኛል። ሐኪሙ ነው የሚደውልልኝ።" ማሰሪያውን ቁልቁል አየ። "ከዚያ በኋላ ልነግርሽ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ነፋሱ ጀልባዋን ሲያነሳት፣ እዚያ ተንጠልጥዬ፣ ልይዛት አልቻልኩም። ቀለልኩባት። ያንን ቦታ ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለግኩም፤ አንቺ እንድትይዢው ፈለግኩ።"

ጣቶቼን ከወገቡ አላወጣሁም። ማክሰኞ አብሬው እንደምሄድ ነገርኩት፣ እሺ አለ። ፈርቼ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጥበቃው ከድንጋዩ ተነስቶ ወደ እኛ ያይ ነበር። እኔ ደግሞ ያቺን ቀጭን ሴት ተመኘሁ። በኖረች፣ ቆንጆ በሆነች፣ በዚያ ሐይቅ ላይ ከባሌ ጋር በሳቀች ብዬ ተመኘሁ።